«14 ዓመቱ ነው፤ ጣቢያ ግን 18 ብለው መዘገቡት»

ጥያቄ፦ የሟች እህቴን ልጅ የማሳድገው እኔ ነኝ። ከመንዝ ወደ ደብረ ብርሃን ያመጣሁት ከሦስተኛ ክፍል በኋላ ነው። አሁን 14 ዓመቱ ነው። ካለፈው ዓመት ጀምሮ ፋብሪካ ይሠራል። ባለፈው ሳምንት ከጓደኞቹ ጋር ሞባይል ሰርቃችኋል ተብለው ተያዙ። ሽማግሌ ልከን ከባለስልኩ ጋር ታርቀናል። ፖሊስ ግን 18 ዓመቱ ነው ብሎ ከትልልቅ ሰዎች ጋር አስሮታል። በሰፈራችን እንዲህ የሚያዙ ልጆች በዝተዋል። ሕጉ ለልጅ ሌላ መንገድ የለውም ወይ?

መልስ፦ እህቴ፣ መንገድ አለው። በአጭሩ ልንገርዎት።

በ1996ቱ የወንጀል ሕግ 9 ዓመት ያልሞላው ልጅ በወንጀል አይጠየቅም። ከ9 እስከ 15 ላለው የተለየ ሥርዓት አለ። ተግሣጽ፣ በቤት ወይም በትምህርት ቤት ተወስኖ መቆየት፣ ክትትል ያለው ትምህርት፣ ሲከፋም ጸባይ ማረሚያ ተቋም መግባት ይታዘዝበታል። እስራት የሚመጣው በጣም ከባድ በሆነ ወንጀል ነው። 15 አልፎ 18 ያልሞላው ግን በመደበኛው ሕግ ይዳኛል፤ ፍርድ ቤቱ ቅጣቱን ሊያቀልለት ቢችልም። በወንጀል ሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 172 መሠረት ልጅ ሲያዝ ወዲያው በአቅራቢያው ወዳለ ወረዳ ፍርድ ቤት ይወሰዳል። ቀጠሮ ከተሰጠም ለወላጅ ወይም ለአሳዳጊ ይሰጣል። እርስዎ ማለት ነው።

ዕርቁ ጥሩ ነው፤ በጽሑፍ ይያዙት። ግን ስርቆት በመደበኛው በግል አቤቱታ ብቻ የሚቀርብ ክስ ስላልሆነ፣ ባለስልኩ ይቅር ማለቱ ብቻውን መዝገቡን አይዘጋውም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። አንድ ነገር አልነገሩኝም። የ14 ዓመት ልጅ ፋብሪካ እንዴት ተቀጠረ? የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከ15 ዓመት በታች ያለ ልጅ እንዳይቀጠር ይከለክላል። ስለዚህ የሆነ ወረቀት ቀርቧል። የቀበሌ መታወቂያ ይመስለኛል፤ ላዩ ላይም 18 የሚል። እንደዚያ ከሆነ ፖሊስ ዕድሜውን ከራሱ አላመጣውም። ከልጁ ኪስ ነው ያገኘው።

እየተቆጣሁዎት አይደለም። ችግሩን አውቀዋለሁ። ቤት ውስጥ ደመወዝ ያስፈልጋል፣ ልጁ ቁመቱ ረዘም ያለ ነው፣ ዕድሜው ትንሽ ከፍ ይላል። ግን እህቴ፣ ለሥራ ተብሎ የተጨመረ ዓመት ፍርድ ቤትም ይከተለዋል። ደንበኞቼ ደጋግመው የሚወድቁበት ወጥመድ ይሄ ነው። አንዳንዱ ልጅ ደግሞ ጓደኞቹ ፊት ላለማነስ ራሱ «18 ነኝ» ይላል። መርማሪው ይጽፋል፣ ልጁ ይፈርማል። ከዚያ በኋላ ሁሉም ወረቀት ያንን ቁጥር እየገለበጠ ይሄዳል።

ልጆች በዝተዋል ላሉት፣ እኔም የምጨነቅበት ነው። ግን መዝገብ ላይ ያለው የተያዙ ልጆች ቁጥር ሙሉውን አያሳይም። በሽምግልና ያለቀው መዝገብ ላይ አይሰፍርም። 18 ተብሎ የተመዘገበው ልጅ ደግሞ ከአዋቂዎች ጋር ይቆጠራል። ለእነዚህ ልጆች ማንም ማረፊያ ክፍል አይለይላቸውም፤ የልጆች ችሎትም አያያቸውም። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36 ላይ ጥፋተኛ ሕፃናት ከአዋቂዎች ተለይተው እንዲያዙ ያዛል። ትእዛዙ የሚሠራው ግን ልጅነቱ ሲታወቅ ነው።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ ሁለተኛ ስህተት ይሠራል። ሮጦ አዲስ የልደት ሰርተፊኬት ያወጣል። ልጁ ከተያዘ በኋላ የወጣ ወረቀት ዐቃቤ ሕጉን ያስጠረጥራል። የተቀየረ ወረቀት ከሆነ ደግሞ እርስዎ ራስዎ ተከሳሽ ይሆናሉ። እባክዎ አያድርጉት። መታወቂያውንም አይቅደዱ፣ አይደብቁ።

የሚያስፈልግዎ ከክሱ በፊት የተጻፈ ወረቀት ነው። የልደት ምዝገባ በአገሪቱ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ስለሆነ ልጁ ሲወለድ አልነበረም። ግን በመንዝ ክርስትና ከተነሣ፣ ቤተ ክርስቲያኑ ጋ መዝገብ ካለ ትልቅ ነገር ነው። ወንድ ልጅ በ40 ቀኑ ስለሚነሣ የተወለደበት ቀን ከዚያ ይቆጠራል። የክትባት ካርዱን ይፈልጉ። አንደኛ ክፍል ሲገባ የተመዘገበበትን ከትምህርት ቤቱ በማኅተም ያውጡ። ክርስትና አባቱ ወይም አዋላጇ በሕይወት ካሉ ምስክር ይሆናሉ። የሐኪም ምርመራም ሊታዘዝ ይችላል፤ ነገር ግን የአጥንት ራጅ ግምት እንጂ ቁርጥ ያለ ቀን አይሰጥም። የእርስዎ ልጅ 15 መስመር ላይ ነው። ግምቱ በአንድ ዓመት ወዲያ ቢል ሁሉም ነገር ይለወጣል። ስለዚህ በራጅ ብቻ አይተማመኑ፤ ሰነድ ይያዙ።

የሚቆጠረው ድርጊቱ በተፈጸመበት ቀን የነበረው ዕድሜ ነው። ችሎት የቀረበበት ቀን አይደለም። ጉዳዩ ሲጓተት 15 ቢሞላው አይደንግጡ።

ጣቢያ ሄደው የመታወቂያውን ነገር ከማስረዳትዎ በፊት ጠበቃ ያነጋግሩ። ለጠበቃ የሚነግሩት ምስጢር ነው፤ ሁሉንም ይንገሩት፣ መታወቂያውን ማን እንዳወጣው ጭምር። ገንዘብ ከሌለ ተከላካይ ጠበቃ ይጠይቁ፤ በዩኒቨርሲቲው የሕግ ትምህርት ክፍልም ነፃ የሕግ ድጋፍ እንዳለ ጎራ ብለው ይጠይቁ። ልጁንም «እመን፣ ትለቀቃለህ» የሚለውን ሰምቶ እንዳይፈርም ይንገሩት። ዝም የማለት መብት አለው።

እኔ መዝገቡን አላየሁትም፤ የጻፍኩት በነገሩኝ ልክ ነው። ዛሬ ግን ወደ መንዝ ስልክ ይደውሉ። የክርስትናው መዝገብ ይታይ፣ ማኅተም ያለበት ማስረጃ ይውጣ። ልጁ በሚቀጥለው ጊዜ ችሎት ሲቀርብ ጠበቃው ገና ሲጀመር የዕድሜውን ጉዳይ አንሥቶ በመዝገቡ ላይ እንዲጻፍለት ያድርግ።