ፕሉቶ ምን ጎደላት?

«ስንማር ፕላኔቶች ዘጠኝ ነበሩ፤ ልጄ ግን ስምንት ናቸው ትለኛለች። ፕሉቶ የተሰረዘችው ስላነሰች ነው?»

ልጅዎ ልክ ናት፤ ምክንያቱ ግን ማነስ አይደለም። ዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረት በ2006 እ.ኤ.አ. ፕራግ ላይ ባጸደቀው ትርጉም ፕላኔት የሚባለው ፀሐይን የሚዞር፣ የገዛ ስበቱ ክብ ያደረገውና በምሕዋሩ ዙሪያ ያለውን ሌላ አካል ጠራርጎ ያስወገደ ነው። ፕሉቶ የወደቀችው በሦስተኛው ነው፤ ከኔፕቱን ማዶ ባለው የካይፐር ቀበቶ በረዷማ ጎረቤቶቿ ብዙ ናቸው። ሁለቱን አልፎ በሦስተኛው የወደቀ፣ የሌላም ጨረቃ ያልሆነ፣ «ድንክ ፕላኔት» ይባላል። ሰውን የሚያሳስተው ይኸው ስያሜ ነው። ኅብረቱ የመዘገባቸው አምስት ናቸው፦ ፕሉቶ፣ ኤሪስ፣ ሀውሜያ፣ ማኬማኬ፣ እንዲሁም በማርስና በጁፒተር መካከል ያለችው ሴሬስ።

«ኤሪስ ዘንድ የደረሰ መንኮራኩር የለም። ስፋቷና ክብደቷ በምን ታወቀ?»

በድምቀት ብቻ መገመት አያዋጣም፤ ትንሽ ነጭ አካልና ትልቅ ጥቁር አካል ከሩቅ እኩል ይደምቃሉ። በ2005 እ.ኤ.አ. መገኘቷ ሲነገር ከፕሉቶ ትበልጣለች ተብሎ ነበር። በ2010 ግን ከአንድ ኮከብ ፊት ስታልፍ፣ ቺሊ ውስጥ በሁለት ቦታ የነበሩ ተመልካቾች ኮከቡ ለስንት ሰከንድ እንደተሰወረ መዘገቡ። ሰከንዱ በፍጥነቷ ሲባዛ ኮከቡ ከኋላዋ ያለፈበትን መስመር ርዝመት ይሰጣል። ከአንድ ቦታ ብቻ ቢሆን ኖሮ መስመሩ መሃሏን ይቁረጥ ጠርዟን አይለይም ነበር፤ ሁለቱ መስመሮች ሲገጣጠሙ ግን ክቡ ወጣ፦ ወርዱ 2,326 ኪ.ሜ.። የፕሉቶ 2,377 ነው።

ክብደቷን ያጋለጠችው ዲስኖሚያ የተባለችው ጨረቃዋ ናት፤ በ16 ቀን ገደማ ትዞራታለች። ርቀቷና የዙሯ ጊዜ ከታወቀ ቀሪው የኒውተን ሒሳብ ነው። ውጤቱ፦ ኤሪስ በወርድ ብታንስም በክብደት ፕሉቶን 27 በመቶ ትበልጣለች፤ ድንጋይ ይበዛባታላ!

«ሀውሜያ ግን እንቁላል ትመስላለች ይባላል?»

አዎ፤ በ4 ሰዓት ገደማ አንዴ ስለምትሾር ተለጥጣለች። ቀለበትም አላት።

«ከኢትዮጵያ ሆኜ በራሴ ቴሌስኮፕ ፕሉቶን ማየት እችላለሁ?»

መስታወቱ ቢያንስ 25፣ ቢቻል 30 ሳ.ሜ. ከሆነና ከከተማ መብራት ከራቁ ይችላሉ። በእነዚህ ዓመታት ያለችው በጀዲ ኮከቦች መካከል ስለሆነ ከእኛ ሰማይ ላይ 60 ዲግሪ ገደማ ከፍ ትላለች፤ ስቶክሆልም ላለ ሰው 10 እንኳ አትሞላም። ችግሩ ክረምቱ ነው። ሌሊቱን ሙሉ የምትታየው በሐምሌ ነው፣ ያኔ ደግሞ ደመና። ሰማዩ ሲጠራ በጥቅምት መጀመሪያ የሚሞክሩ አሉ፤ በዚያን ሰሞን ግን ባለችበት የቆመች ስለምትመስል ከኮከብ አትለይም። ኅዳርን ይጠብቁ።

ጨረቃ በሌለችበት ምሽት፣ ከ1 ሰዓት ተኩል ጀምሮ፣ ዓይንዎን ግማሽ ሰዓት ጨለማ ያልምዱ። ካርታው እስከ 15ኛ የድምቀት ደረጃ (ቁጥሩ ሲጨምር ኮከቡ ይደበዝዛል) ያሉ ኮከቦችን የሚያሳይ ይሁን፤ የሚያነቡትም በቀይ መብራት ነው። ቦታውን ካገኙ በኋላ ትኩር አይበሉ፤ ትንሽ ወደ ጎን ሲያዩ ደብዛዛ ነጥቦች ይወጣሉ። ያዩትን ሁሉ ወረቀት ላይ ይንደፉ። በአምስተኛው ቀን እንደገና ይንደፉና ያስተያዩ፤ የጨረቃን ወርድ አንድ ዐሥረኛ ያህል የተንቀሳቀሰችው ነጥብ ፕሉቶ ናት።

ቴሌስኮፑ ካነሰብዎ ሴሬስን ይፈልጉ፤ ወደ ምድር በምትቀርብበት ሰሞን ባለ 50 ሚ.ሜ. ባይኖኩላር ይበቃታል።