ጉንጭ ውስጥ የሚቀመጥ መድኃኒት፦ የአስታማሚዎች ጥያቄና መልስ

«ይኼ አይዋጥም፣ ጉንጭ ውስጥ ነው የሚቀመጠው» ተብለው መድኃኒት ይዘው ወደ ቤት የሄዱ አስታማሚዎች ብዙ ጥያቄ ልከውልኛል። የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌ ልመልስ።

ጥያቄ፦ እናቴ የማቅለሽለሽ ክኒኗን ጉንጯ ውስጥ ትንሽ ታቆየውና በውሃ ትውጠዋለች። ዞሮ ዞሮ ያው ሆድ አይደል የሚገባው?

ያው አይደለም እህቴ። የተዋጠ መድኃኒት ከአንጀት ተነስቶ መጀመሪያ የሚያልፈው በጉበት ነው። ጉበት ደግሞ ድርሻውን ሳያነሳ አያሳልፍም። በጉንጭና በድድ መካከል የተቀመጠ ክኒን ግን በስሱ የአፍ ሽፋን አልፎ በቀጥታ ደም ውስጥ ይገባል። ፕሮክሎርፔራዚን የሚባለው የማቅለሽለሽ መድኃኒት የሚዋጠው 5 ሚሊግራም፣ የጉንጩ 3 ሚሊግራም ሆኖ የሚዘጋጀውም ለዚህ ነው። እናትሽ የጉንጩን ስትውጠው ከትንሹ ላይ ሌላ ይቀነስባታል። ደግሞ የሚያስመልሰው ሰው የዋጠውን ክኒን መልሶ ሊያወጣው ይችላል። በላይኛው ከንፈሯና በድዷ መካከል ከፍ አድርጋ ታስቀምጠውና ትርሳው። በምላስ መነካካት፣ መምጠጥ፣ ማኘክ የለም። ሟሙቶ እስኪያልቅ ምግብም መጠጥም ይቆይ።

ጥያቄ፦ ልጄ ሲጥለው ጥርሱን ግጥም አድርጎ ይነክሳል። አፉን እንዴት ከፍቼ ነው መንቀጥቀጡን የሚያቆመውን ፈሳሽ፣ ሚዳዞላሙን፣ የምሰጠው?

አይክፈቱት! ጣትም ሆነ ማንኪያ፣ ምንም ነገር በጥርሶቹ መካከል አያስገቡ። የእሱ ጥርስ ይሰበራል፣ የእርስዎ ጣት ይነከሳል። ደግሞም አያስፈልግም። መድኃኒቱ የሚገባው ከጥርስ ውጭ፣ በታችኛው ድድና በጉንጭ መካከል ባለችው ኪስ ነው። ጥርስ ቢገጥምም ኪሷ አትዘጋም።

መጀመሪያ ሰዓት ይዩ። መድኃኒቱ ብዙውን ጊዜ የሚታዘዘው መንቀጥቀጡ 5 ደቂቃ ሲያልፍ እንዲሰጥ ነው፤ የልጅዎ ሐኪም ሌላ ጽፎ ከሆነ የእሱን ይከተሉ። በጭንቀት ጊዜ አንድ ደቂቃ አሥር ይመስላልና በግምት አይሂዱ።

ከዚያ የሲሪንጁን ቆብ ያንሱና ጫፉን በዓይንዎ ይመልከቱ። ተሞልተው ከሚመጡት ሲሪንጆች አንዳንዶቹ ላይ ቆቡ ሲነሳ ሌላ ትንሽ ፕላስቲክ ጫፉ ላይ ቀርታ ታውቃለች። ልጁ ጉሮሮ ውስጥ ብትገባ ሌላ ጣጣ ነው። መርፌ ደግሞ በጭራሽ አይገጠምበትም።

ልጁ በጎኑ ይሁን፣ ወይም ጭንቅላቱን ደግፈው ይያዙት። የአፉን ጥግ በጣትዎ ሳብ ያድርጉ። የሲሪንጁን ጫፍ ወደ ኋላ በኩል ወደ ኪሷ ያስገቡና ቀስ እያሉ ይግፉ። ልጁ ትንሽ ከሆነ ወይም ፈሳሹ ከበዛ ግማሹን በአንዱ ጉንጭ፣ ግማሹን በሌላው። በኃይል ከገፉት ወደ ጉሮሮ ይሄዳል፣ ትን ሊለውም ይችላል።

ሰጥተው ሲጨርሱ በጎኑ አስተኝተው ትንፋሹን ይከታተሉ፤ ሚዳዞላም ትንፋሽን ሊያዳክም ይችላል። ትንፋሹ ከደከመ፣ ከንፈሩ ወደ ሰማያዊ ከተለወጠ ወይም መንቀጥቀጡ ሐኪሙ በጻፈልዎ ጊዜ ውስጥ ካልቆመለት አምቡላንስ ይጥሩ። በራስዎ ውሳኔ ሁለተኛ አይድገሙ። ባዶውን ሲሪንጅም አይጣሉት፤ ምን ያህል እንደሰጡ ለባለሙያዎቹ ያሳያል።

ጥያቄ፦ የአባቴ አፍ በጣም ይደርቃል፣ ክኒኑም እንዳለ ይቆያል። ምን ላድርግ?

ከማስቀመጡ በፊት ውሃ ይጎንጭና አፉን ያርጥብ። ክኒኑ ከገባ በኋላ አይደለም።

ጥያቄ፦ አጎቴ ለካንሰር ሕመም ፈንታኒል የሚባል ኃይለኛ ማስታገሻ ክኒን ታዞለታል። ቶሎ እንዲሠራለት ብፈጨው?

አትፍጨው፣ አትስበረውም። የጉንጭ ፈንታኒል ከኋለኛው መንጋጋ ጥርስ በላይ፣ በድድና በጉንጭ መካከል ይቀመጥና አብዛኛውን ጊዜ ከ14 እስከ 25 ደቂቃ ውስጥ ይሟሟል። ከ30 ደቂቃ በኋላ የቀረ ፍርፋሪ ካለ በውሃ ይዋጠው። በሚቀጥለው ጊዜ ጎኑን ይቀይር። ሌላው ነገር፣ ይህ መድኃኒት ለአጎትህ እፎይታ ቢሆንም አንዷ ፍሬ ሕፃን ልትገድል ትችላለች። ቆልፍበት።

ጥያቄ፦ የነርሲንግ ተማሪ ነኝ። ታማሚው እያንቀላፋ ነው፤ ክኒኑን ጉንጩ ውስጥ ላስቀምጥለት?

አይ፣ ተው። በደንብ ላልነቃ ሰው ክኒን ወደ መተንፈሻ ቱቦው ሊገባበት ይችላል። ሐኪሙን በሌላ መንገድ ይሰጥ እንደሆነ ጠይቀው። የሚጥል በሽታ ፈሳሽ ለብቻው የተዘጋጀ ነገር ነው፤ ከእሱ ተነስተህ ለክኒን አትፍረድ።

ለነቃውም ቢሆን ጓንትህን አድርገህ አፉን በባትሪ እይ። ቁስል ባለበት ጎን አታስቀምጥ። ሰው ሠራሽ ጥርስም አትርሳ። እኔ ተማሪ ሳለሁ ለአንዲት እናት ክኒን አስቀምጬ ዞር አልኩ። ከሁለት ሰዓት በኋላ ስመለስ «ሕመሙ አልለቀቀኝም» አሉኝ። ሰው ሠራሽ ጥርሳቸውን ቢያወልቁት ክኒኑ ከሥሩ ተለጥፎ እንዳለ ተቀምጧል! ከዚያ ወዲህ «ጥርስዎ ይወልቃል?» ብዬ ሳልጠይቅ አላልፍም።

ጥያቄ፦ አራስ ልጄ ስኳሩ ወርዶ ሆስፒታል ጉንጩን ጄል ቀቡት። ቤት ብደግምለት?

አይሆንም እህቴ። እዚያ የሚቀባው 40 በመቶ የግሉኮስ ጄል ነው፣ መጠኑም በልጁ ክብደት ይሰላል። ጉንጩ በጎዝ ይደርቃል፣ ጄሉ ይታሻል፣ ጡት ይጠባል፣ ከዚያ ስኳሩ እንደገና ይለካል። ዋናው ነገር ያ የመጨረሻው ልኬት ነው፤ ቤት ውስጥ እሱ የለም። ልጁ ከዛለ፣ ጡት አልይዝም ካለ ወይም ከተንቀጠቀጠ ይዘሽው ወደ ሆስፒታል ሩጪ። በጄሉ ፋንታ ማር ላቅምሰው ብለሽ እንዳታስቢ። ዓመት ላልሞላው ልጅ ማር ቦቱሊዝም የሚባል አደገኛ መመረዝ ሊያመጣበት ይችላል።