«ማንኮራፋቱ የዘሩ ነው» ተባልኩ

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ የስምንት ወር ቡልዶግ ውሻ አለኝ። የዘር ሐረጉን የሚያሳይ ወረቀት አለው፤ አባቱም አያቱም በውድድር የተሸለሙ ናቸው። ነገር ግን ተኝቶም ነቅቶም ያንኮራፋል፤ ደረጃ ሲወጣ ምላሱ ይጠቁራል። ያረባው ሰው «የዘሩ ጠባይ ነው፤ አትስጋ» አለኝ። ልመነው?

መልስ፦ ሰውየው አልዋሸዎትም፤ እኔን የሚያናድደኝም ይኸው ነው። ማንኮራፋቱ በእርግጥ የዘሩ ነው። ዘሩን እንዲህ ያደረገው ግን ሰው የጻፈው፣ የውድድር ዳኞች ውሻውን የሚመዝኑበት የመልክ መስፈርት ነው።

እንግሊዝ ውስጥ በሬን በውሻ ማስነከስ በ1835 በሕግ ሲከለከል ቡልዶግ ሥራ ፈታ (ዘመኑን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ያንብቡልኝ)። ሥራ ያጣ ውሻ ለመልኩ ይረባ ጀመር። በ1873 ኬነል ክለብ የተባለው የእንግሊዝ የውሻ ዘር መዝጋቢ ማኅበር ተቋቋመ፤ መዝገብ ተከፈተ። በዚያው ዘመን ለቡልዶግ የወጣው መስፈርት የራስ ቅሉ ትልቅ ይሁን፣ በተለቀ ቁጥር ይመረጣል ይላል። «በተለቀ ቁጥር» የምትለዋ ሐረግ ማቆሚያ የላትም። ዳኛው ከቀረቡለት መካከል ባለ ትልቅ ራሱን ይሸልማል፤ ተሸላሚው ለብዙ ሴቶች ይፈለጋል፤ ልጆቹ ደግሞ በተራቸው ከእርሱ ሊበልጡ ይወዳደራሉ። ዛሬ አብዛኞቹ የቡልዶግ እናቶች የሚወልዱት በቀዶ ጥገና ነው፤ የቡችላው ራስ በእናቱ ዳሌ አያልፍማ።

አንድ ቀን ሕክምና ጠረጴዛዬ ላይ የቆመ ቡልዶግ ከአፍንጫው በላይ ያለውን የቆዳ እጥፋት ገልጬ በጥጥ ጠረግሁት። ጥጡ ቡናማ ሆኖ ወጣ፤ ሽታው ክፍሉን ሞላው። ባለቤቱ በዚያች ሰዓት በስልኩ የሽልማቱን ፎቶግራፍ እየፈለገልኝ ነበር።

በ2008 ቢቢሲ የዘር ውሾችን በሽታ የሚያሳይ ዘጋቢ ፊልም ካቀረበ በኋላ የእንግሊዙ ክለብ መስፈርቶቹን አሻሻለ። አሁን የቡልዶግ አፍንጫ ቀዳዳ ከጠበበ፣ እጥፋቱም ከከበደ ጥፋት ነው። መልካም። ወረቀት ግን በአንድ ስብሰባ ይታረማል፤ የራስ ቅል ትውልድ ይፈጃል።

የዳልሜሽያን፣ የዚያ ባለ ነጠብጣብ የውሻ ዘር፣ ታሪክ ደግሞ ይብሳል። በመዝገብ የተያዙት ሁሉ ዩሪክ አሲድ የተባለውን የሰውነት ቆሻሻ በሽንታቸው አብዝተው የሚያስወጡ ሆነው ቀሩ፤ ብዙ ወንዶች በጠጠር ሽንታቸው ይታገታል። ሮበርት ሻይብል የተባሉ የዘረመል ባለሙያ በ1973 ዳልሜሽያንን ፖይንተር ከተባለ የአደን ውሻ ጋር አዳቀሉ፤ አንድ ጊዜ ብቻ። ከዚያ ወዲያ ልጆቹን እየመረጡ መልሰው ከዳልሜሽያን ጋር አራቡ። ነጠብጣብ ያላቸው፣ ሽንታቸው ጤነኛ የሆነ ውሾች ተገኙ። ደማቸው ግን «ንጹሕ» አልተባለም፤ የአሜሪካው ኬነል ክለብ መዝገቡን በቋሚነት የከፈተላቸው በ2011 ነው። 38 ዓመት ሙሉ ለአንድ ቅድመ አያት!

ወደ እርስዎ ውሻ ልመለስ። ብርሃን ወዳለበት ያቅርቡትና አፍንጫውን ፊት ለፊት ይዩት። ቀዳዳዎቹ ክፍት ሳይሆኑ ቀጭን ስንጥቅ ከመሰሉ መተንፈሻው ጠቧል ማለት ነው። ምላሱ መጥቆሩ ግን ለነገ የሚባል አይደለም፤ ዛሬውኑ ሐኪም ያሳዩት። ቀዳዳውን ማስፋትና የረዘመውን ለስላሳ ላንቃ ማሳጠር ይቻላል፤ በጊዜ ሲሠራ ብዙውን ጊዜ እፎይታ ይሰጣል። እስከዚያ ድረስ አያወፍሩት፣ በሙቀት ሰዓት አያስሩጡት፣ ማሰሪያውንም ከአንገቱ ወደ ደረቱ ይለውጡለት።

አንድ ነገር ልጨምር፦ በአባቱ ስም የተነሣ ለማርቢያ የሚለምንዎት ሰው አይጠፋም፤ ምናልባትም ራሱ ሻጩ ይሆናል። አይስጡት።