ኬሚስትሪን ለሸሻችሁ የግብርና ተማሪዎች

ይህን የምጽፈው «ኬሚስትሪ አይመቸኝም» ብላችሁ ወደ ዕፅዋት ሳይንስ ለመጣችሁ ልጆች ነው። ዕድሜዬን የፈጀሁት በአፈርና በጥራጥሬ ሥር ሥራ ላይ ነው። እመኑኝ፣ ኬሚስትሪው እዚህም ይጠብቃችኋል።

ባቄላን እንውሰድ። ባቄላ የነበረበት መሬት ለቀጣዩ ስንዴ ወይም ጤፍ እንደሚስማማ ገበሬው ከማናችንም በፊት ያውቃል። ሥሩ ላይ የሚኖሩት ራይዞቢየም የተባሉ ባክቴሪያዎች የአየርን ናይትሮጅን ለተክሉ ወደሚሆን መልክ ይለውጡለታል። ይህን ለፈተና ሸምድዳችሁታል። ግን አፈሩ በባክቴሪያና በፈንገስ የተሞላ ነው። ባቄላው ማንን ማስገባት፣ ማንን መከላከል እንዳለበት በምን ያውቃል?

በአሚኖ ስኳር ነው። ግሉኮስ ላይ ካሉት የኦኤች ቡድኖች በአንዱ ቦታ ናይትሮጅን የያዘ ቡድን ሲገባ ግሉኮሳሚን ይባላል። አሲታይል የተባለ ትንሽ የካርቦን ቡድን ሲጨመርበት ደግሞ ኤን-አሲታይልግሉኮሳሚን። ስሙ ያስፈራል እንጂ በየቦታው ያለ ነገር ነው። የፈንገስ ግድግዳና የአንበጣ ቅርፊት የሚሠሩበት ካይቲን የዚሁ ስኳር ረጅም ሰንሰለት ነው። ስለዚህ ተክሉ ስምንት ያህል የተያያዙበትን ቁራጭ ሲያገኝ «ፈንገስ መጣብኝ» ብሎ መከላከያውን ያነሳል።

አሁን ልብ በሉ። ራይዞቢየም ለባቄላው የሚልከው መልእክትም የሚሠራው ከዚያው ስኳር ነው! ልዩነቱ ሰንሰለቱ አጭር መሆኑ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ አራት ወይም አምስት ስኳር። አንዱ ጫፍ ላይ ደግሞ የስብ አሲድ ተለጥፎበታል። ኖድ ፋክተር ይባላል። ሁለቱን መልእክቶች የሚቀበሉት የተክሉ ፕሮቲኖች እንኳ የአንድ ቤተሰብ ዘመዳሞች ናቸው። መልእክቱ በጣም በጥቂቱ ይበቃል። የሥሩ ፀጉር ይጠመዘዛል፣ በሕዋሱ ኒውክሊየስ አካባቢ ካልሲየም ከፍ ዝቅ ማለት ይጀምራል፣ ከዚያ የሥሩ ሕዋሳት መከፋፈል ይጀምራሉ።

የመጀመሪያው ኖድ ፋክተር ምንነት በ1990 የታወቀው ፈረንሳይ ውስጥ፣ ቱሉዝ፣ የአልፋልፋን ባክቴሪያ ከሚያጠኑ ሰዎች እጅ ነው። እዚያ መልእክት ላይ እኔን እስከ ዛሬ የሚገርመኝ አንዲት ሰልፌት፣ ድኝና ኦክስጅን የያዘች ትንሽ ቡድን፣ ናት። ባክቴሪያው ሰልፌቷን መለጠፍ ሲያቅተው አልፋልፋው ፊቱን ያዞርበታል። ጭራሽ ሌላ ተክል፣ ቬች፣ ይቀበለዋል። ይህን ያየ ሰው «ዝርዝር ነው፣ ይለፈኝ» አይልም።

ሜዳ ስትወጡ ይህ ነገር ገንዘብ ነው። ባክቴሪያውና ተክሉ በመልእክቱ ካልተግባቡ ባዮማዳበሪያው፣ ማለትም በፓኬት የሚሸጠው ሕያው ባክቴሪያ፣ ከንቱ ነው። ለአኩሪ አተር የተዘጋጀው ባቄላ ላይ አይሠራም፤ የሽምብራውም የራሱ ነው። ባቄላ፣ አተርና ምስር ግን ይጋራሉ። ማዳበሪያው አልሠራም ሲባል ብዙ ባለሙያ ቶሎ ብሎ ገበሬውን ሲወቅስ ሰምቻለሁ፤ ያናድደኛል። መጀመሪያ ፓኬቱ የየትኛው ሰብል እንደሆነ እዩ። ፀሐይ ላይ ውሎ እንደሆነ ጠይቁ፤ ውስጡ ሕይወት ያለው ነገር ነው። ከዚያ ተክሉን በጥንቃቄ ነቅላችሁ ሥሩ ላይ ያሉትን እብጠቶች በምላጭ ክፈቱ። ውስጡ ቀላ ካለ ሥራ ላይ ነው። ነጭ ወይም አረንጓዴ ከሆነ ናይትሮጅን እየሰጠ አይደለም። ላብራቶሪ እስኪመልስላችሁ አትጠብቁ።

አንድ ነገር ልጨምር። ከሥር ጋር የሚኖሩት ማይኮራይዛ ፈንገሶችም ከኖድ ፋክተር ጋር የሚመሳሰል መልእክት እንደሚሠሩ በ2011 ታይቷል። እነዚህ ፈንገሶች ደግሞ ከስንዴም ከበቆሎም ከጤፍም ጋር ይስማማሉ። እንግዲህ የእህል ዘሮችም ለዚህ ዓይነት መልእክት ጭራሽ ደንቆሮ አይደሉም። እህልን ከራይዞቢየም ጋር ለማስማማት የሚለፉት ተመራማሪዎች ተስፋ የሚያደርጉትም በዚህ ነው። በእናንተ ዕድሜ ብሆን ኖሮ ከጤፍ ሥር እጀምር ነበር።