ጭንቅላት የጎደላቸውን ወታደሮች መልሰህ አታቅልጣቸው

ሰላም ወንድሜ። ጥያቄህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። አሮጌ የአሉሚኒየም ፎርማ (የቀለጠ ብረት ፈስሶ ቅርጽ የሚይዝበት) አግኝተህ የአሻንጉሊት ወታደር ማፍሰስ ጀምረሃል። አንዱ ያለ ጭንቅላት ይወጣል፣ የሌላው ጠመንጃ ግማሽ ላይ ይቀራል። ደህና የወጡት ደግሞ ሁሉም አንድ ዓይነት ናቸው። ብረቱን የበለጠ ላግለው ወይ? ከአንድ ፎርማስ የተለያየ ሰው ይወጣል ወይ? ነው ያልከው።

ከመጀመሪያው ልነሳ። መጋል ያለበት ፎርማው ነው። እኔም ስጀምር እንዳንተ ብረቱን እያጋልኩ ብዙ ጊዜ አባክኛለሁ። አሉሚኒየም ሙቀትን ቶሎ ይመጥጣል። ፎርማው ቀዝቃዛ ከሆነ ብረቱ ቀጭኑ ቦታ ሳይደርስ መንገድ ላይ ይረጋል። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹን አምስት ስድስት ወታደሮች ለማሞቂያ ቁጠራቸው። አፍስስ፣ ክፈት፣ አውጣ፣ ዝጋ፣ እንደገና አፍስስ። ከዚያ የወጣውን ወታደር ቆዳ እየው። የተሸበሸበ ከሆነ ፎርማው ገና አልሞቀም። ውርጭ የመታው ይመስል ሻካራ ከሆነ ደግሞ ከልክ በላይ ግሏልና ትንሽ አሳርፈው። ግን አደራህን፣ በውሃ አታቀዝቅዘው። አንዲት ጠብታ በቀለጠ ብረት ስር ከገባች በቅጽበት እንፋሎት ሆና ብረቱን ፊትህ ላይ ትረጨዋለች። መነጽር፣ ወፍራም ጓንትና ድፍን ጫማ ሳታደርግ ጭልፋውን አታንሳ።

ሁለተኛው ችግር አየር ነው። ብረቱ ሲገባ ውስጥ ያለው አየር መውጫ ይፈልጋል። የጠመንጃው ጫፍ ዝግ ከሆነ አየሩ እዚያው ታፍኖ ብረቱን ያስቆመዋል። በመጀመሪያ ቀላሉን ሞክር። የፎርማውን ውስጥ በሻማ ጥላሸት አጥቁረው፣ ወይም የታልክ ዱቄት ነስንሰህ ትርፉን አራግፍ። ሳታቋርጥ አፍስስ፤ ወዲያው ፎርማውን ጠረጴዛው ላይ ቀስ አድርገህ መታ መታ አድርገው። ማፍሰሻው አፍ እስኪሞላ ድረስ አታቁም፤ ብረት ሲረጋ ስለሚኮማተር የጎደለውን ከላይ ይስባል። ይሄ ሁሉ ካልረዳ ብቻ ከጠመንጃው ጫፍ እስከ ፎርማው ጠርዝ ፀጉር የምታህል መስመር በሹል መርፌ ጫር። አሉሚኒየም ላይ የተጫረ ነገር አይመለስምና ቀስ በል።

ስለ ብረቱ ባጭሩ። ንጹህ ቆርቆሮ (የቤት ጣሪያው ሳይሆን ቲን የሚባለው) በ232 ዲግሪ ሴልሺየስ ይቀልጣል፣ እርሳስ በ327። 63 በመቶ ቆርቆሮና 37 በመቶ እርሳስ ሲቀላቀሉ ግን በ183 ይቀልጣሉ፤ ይህ የኤሌክትሮኒክስ ጠጋኞች የሚጠቀሙበት የታወቀው ስታኞ ነው። አንቲሞኒ ከሚባለው ማዕድን ትንሽ ሲጨመር ብረቱ ይጠነክራል፣ ሲበዛ ግን ተሰባሪ ይሆናል። ዚንክ ድስትህ ውስጥ እንዳይገባ፤ ጥቂት እንኳን ከገባ ብረቱ እንደ ገንፎ ይወፍራል። ድሮ የተሠሩት አብዛኞቹ የእርሳስ ቅይጥ ናቸው። እንግሊዛዊው ዊልያም ብሪተን በ1893 ውስጡ ባዶ የሆነ ወታደር ማውጣት የጀመረው ብረቱን አፍስሶ፣ ዳርና ዳሩ ሲረጋ መሃሉን መልሶ በመድፋት ነበር። ድርጅቱም እስከ 1966 ድረስ በእርሳስ ሠርቷል። እኔ ግን እርሳስ መርዝ ስለሆነ ልጅ የሚነካው ወታደር ውስጥ ጨርሶ አላስገባም። ቀለም ይሸፍነዋል የሚሉ አሉ፤ ቀለም ይላጣል። ድስቱም ጭልፋውም ወደ ምግብ ማብሰያ እንዳይመለስ። መስኮት ክፈት፣ ስትጨርስ እጅህን በሳሙና ታጠብ።

አሁን ወደምወደው ልምጣ። ያ ጭንቅላት የሌለው ወታደር የት ሄደ? ድስቱ ውስጥ መልሰኸው ከሆነ ከዛሬ ጀምሮ ተው። እኔ ጎዶሎ የወጡትን የማጠራቅምበት ሳጥን አለኝ። ከሥራ ዕቃዬ ሁሉ እሱን የሚያህልብኝ የለም። አንገቱ ላይ የቀረው ሌላ ጭንቅላት ይቀበላል። እግሩ ያልሞላው ምሽግ ውስጥ ገብቶ ከወገቡ በላይ ይታያል። ጠመንጃው የጎደለው ደግሞ መዳፉን በስተህ ቀጥ ያለ ሽቦ ስታስይዘው ባንዲራ ያዥ ይሆናል። ለሁለተኛው ጥያቄህ መልሱ እዚያው በጎዶሎዎቹ ውስጥ ነው ያለው።

ከጭንቅላት ጀምር። ኮሌታው መስመር ላይ በቀጭን መጋዝ ቁረጥ። አንገቱን በ1 ሚሊሜትር ፑንታ በእጅህ እያዞርክ ብሳ። ቀዳዳዎቹ እንዲገጥሙ አንደኛው ላይ ጠብታ ቀለም አድርገህ ሌላውን ጫንበት፤ ምልክቱ የምትበሳበትን ያሳይሃል። ቁራጭ የነሐስ ሽቦ አስገባና በኤፖክሲ (ሁለት ነገር ተቀላቅሎ በሚጠነክር ማጣበቂያ) አጣብቅ። ሱፐር ግሉ ብቻውን ሲወድቅ ይላቀቃል። ማጣበቂያው ሳይደርቅ ጭንቅላቱን ሽቦው ላይ አዙረው። ትንሽ ወደ ጎን ሲል ጓደኛውን የሚሰማ ይመስላል። ዝቅ ሲል ደግሞ ቀኑን ሙሉ የተጓዘ ሰው ነው። ሌላ ምንም ሳትነካ አንገታቸውን ብቻ ብታዞር አሥሩ ወታደሮች አሥር ሰዎች ይሆናሉ።

ክንድ ለማጠፍ ከክርኑ ውስጠኛ በኩል እንደ ሽብልቅ ቆርጠህ አውጣ። ቀስ ብለህ እጠፍ፣ ስንጥቁን በኤፖክሲ ፑቲ (እንደ ሊጥ ተለውሶ በሚደርቅ መሙያ) ሙላ። ለዚህ ብዬ ያሰብኩትን ለስለስ ካለ ቅይጥ ነው የማፈሰው፤ አንቲሞኒ የበዛበት ቀጭ ይላል። እግር ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ሰው ሲራመድ ክብደቱ አንድ እግሩ ላይ ያርፋል፣ ዳሌው ያዘነብላል፣ ትከሻው በተቃራኒው ይሄዳል። እግሩን ብቻ አጥፈህ ዳሌውን ከተውከው ወታደሩ ሊወድቅ የደረሰ ይመስላል። መስታወት ፊት ቆመህ ራስህ ሞክረውና የት የት እንደምትታጠፍ እይ። እኔ ዛሬም እንደዚያ ነው የማደርገው። ካባ ስትፈልግ ፑቲውን ታልክ በተነሰነሰበት ጠፍጣፋ ነገር ላይ በጠርሙስ ዳምጠህ አሳሳው። ትንሽ ጠንከር ሲል አልብሰውና እጥፋቱን በእርጥብ ጥርስ መጎርጎሪያ አውጣ። ሞረድ ስትጠቀም ብናኙን አትንፋው፣ በእርጥብ ጨርቅ ጥረገው።

በጣም የወደድከው ከወጣ ራሱን ቅጂ ማውጫ ልታደርገው ትችላለህ። ለብረት ማፍሰሻ የተሠራ ሙቀት የሚችል ሲሊኮን ግዛ። ወታደሩን እስከ ግማሹ ጭቃ መሰል ፕላስቲሲን ውስጥ ቀብረህ የመጀመሪያውን ግማሽ አፍስስ። ሲረጋ ገልብጠህ ፕላስቲሲኑን አንሳና ሁለተኛውን አፍስስ። በሁለቱ መሃል ቫዝሊን መቀባት እንዳትረሳ። እኔ አንድ ጊዜ ረስቼ ሁለቱ ግማሾች አንድ ድፍን ሆነው ቀሩ። ሳምንት የለፋሁበትን ፈረሰኛ በምላጭ ቆራርጬ ነው ያወጣሁት፣ ያም ሆኖ ኮፍያው ተጎዳ። ፕላስቲሲኑም ሰልፈር የሌለበት ይሁን፤ ፕላቲነም ያለበት ሲሊኮን ሰልፈር ሲነካው አይረጋም። የሌላ ሰው ወታደር ቀድቶ መሸጥ ግን ስርቆት ነው፣ እሱን አልመክርህም።

አሁን የፎርማህን ሁለቱንም ገጽ ፎቶ አንስተህ ለጥፍልን። መርፌውን ከማንሳትህ በፊት አየሩ የት ላይ እንደሚታፈን አብረን እንየው። ጎዶሎዎቹንም ደርድረህ አሳየን፤ ማን ምን ሊሆን እንደሚችል ልነግርህ እፈልጋለሁ።