ስንዴው የመጣ ለት

ልጆቼ፣

ባለፈው ሰሞን የእህቴ የልጅ ልጅ ከኮምቦልቻ ደወለችልኝ። «አባባ፣ እኔ የተወለድኩት የካቲት 23 አይደል? ስልኬ ማርች 2 ይለኛል። አድዋን ግን ማርች 1 ነው ይላል። ታዲያ እኔና አድዋ አንድ ቀን ነን ወይስ አይደለንም?»

ደስ አለኝ። ለ31 ዓመት ታሪክ ሳስተምር እንዲህ አጥርቶ የጠየቀኝ ተማሪ ጥቂት ነው። አንድ ቀን ናችሁ አልኋት። እኛ በየአራት ዓመቱ ጳጉሜን 6 እናደርጋለን፣ አንድም ጊዜ አንዘልም። ፈረንጆቹ ግን መቶ የሚሞላው ዓመታቸው ለ400 እኩል ካልተካፈለ ያችን ተጨማሪ ቀን ይተዋታል። በእነሱ 1900 ትተዋታል። ስለዚህ ከዚያ በፊት፣ በ1888 ዓ.ም.፣ የካቲት 23 በእነሱ ማርች 1 ላይ ዋለ፤ ዛሬ ማርች 2 ላይ ይውላል። ቀኑ ያው የጊዮርጊስ ዕለት ነው፤ የተንሸራተተው የእነሱ ቁጥር ነው።

ከዚያ «የልደት ጓደኞቼ» ያለቻቸውን አነበበችልኝ። ኳስ ተጫዋች፣ ዘፋኝ፣ የፊልም ሰው። ከእኛ አገር አንድም የለበት። ስልኩን ዘግቼ ብተኛ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ከሃያ ዓመት በላይ ከልቤ ያልወጣ አንድ ልጅ መጣብኝ። ይህን የምጽፍላችሁ በእሱ ምክንያት ነው። ተማሩ፣ አንብቡ፣ ከክፉ ጓደኛ ራቁ የሚለውን ሌላ ሰው ይነግራችኋል።

በ1993 ዓ.ም. ደሴ ውስጥ ዘጠነኛ ክፍል አስተምር ነበር። የሚኒ ሚዲያ ክበቡም በእኔ ሥር ነበር። ጠዋት ሰንደቅ ዓላማ ከተሰቀለ በኋላ «ዛሬ በታሪክ» የምትባል አምስት ደቂቃ ነበረችን። ለእሷ ብዬ ለእያንዳንዱ ቀን አንድ ገጽ የሰጠሁት ወፍራም ደብተር አዘጋጅቻለሁ። የካቲት 23 ገጽ ላይ አድዋ አለ፤ የራስ ሚካኤል የወሎ ፈረሰኛም አለ። ከሥሩ ደግሞ በዚያው እሑድ ፓሪስ ውስጥ አንሪ ቤክሬል መሳቢያ ውስጥ ያስቀመጠውን የፎቶግራፍ ሰሌዳ አጥቦ፣ ዩራኒየም ፀሐይ ሳይነካው ከራሱ ጨረር እንደሚያወጣ ማየቱን ጽፌአለሁ። ተማሪዎቹ ይህን ሲሰሙ ዝም ይሉ ነበር። ሚያዝያ 25 ላይ እዚሁ አምባሰል፣ ይስማ ንጉሥ ላይ በ1881 የተፈረመው የውጫሌ ውል ከነ17ኛው አንቀጹ አለ። መስከረም 17 ወሎዬን የሚያመው ገጽ ነው፤ በ1909 በመስቀል ዕለት ልጅ ኢያሱ ከሥልጣን ተሻሩ፤ ልክ በወሩ፣ ጥቅምት 17፣ አባታቸው ንጉሥ ሚካኤል ሰገሌ ላይ ተሸነፉ።

በዚህ ደብተር እኮራ ነበር። እናም አንድ ቀን ለተማሪዎቼ ከ5 የሚታረም የቤት ሥራ ሰጠሁ፤ እያንዳንዱ የተወለደበትን ቀንና በዚያ ቀን የሆነ አንድ የታሪክ ድርጊት ይዞ መጥቶ ክፍል ፊት ያንብብ።

ልጁ ከኋላ የሚቀመጥ፣ ከትምህርት በኋላ ሰኞ ገበያ ዕቃ የሚሸከም ቀጭን ልጅ ነበር። ተራው ሲደርስ ተነሣ። ወረቀት አልያዘም። «እኔ የተወለድኩት ስንዴው የመጣ ለት ነው» አለ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ቀኑን ተናገር አልሁት። «እናቴ የምትለው ይህንኑ ነው» አለ። «ይህ ቀን አይባልም፤ ተቀመጥ» አልሁና ዜሮ ጻፍሁ። ሳቁን እንኳ አላስቆምሁም። ልጆቼ፣ ከሁሉም የሚቆጠቁጠኝ ይህ ነው።

በማግሥቱ እናቱ መጣች። ነጠላዋን አዘቅዝቃ እቢሮው በር ላይ ቆመች። «የኔታ፣ ልጄ አልዋሸም» አለች። ዘመኑን አታውቀውም፤ ክፉው ጊዜ፣ የረሀቡ ጊዜ ነው። ከአገሯ ወጥታ ባቲ መጠለያ ነበረች። የኅዳር ሚካኤል ለት ነው፤ ጠዋት ስንዴ የጫኑ መኪኖች ገቡ፣ ሰው ሁሉ ወደዚያ ሲሮጥ እሷን ምጥ ያዛት። ከወለደች በኋላ በጣሳ የዱቄት ወተት አመጡላት። «ሮብ ነውና አልጠጣም አልሁ» አለችኝ። አጠገቧ የነበረች አንዲት እስላም አሮጊት ቀና አደረገቻትና፣ «ልጄ፣ አላህ ይቅር ይላል፣ ጠጪ፣ ሕፃኑን አትግደይው» ብላ በእጇ አጠጣቻት። የአሮጊቷን ስም አታውቀውም። ያን ሁሉ ስትነግረኝ እኔ ሰዓቴን አይ ነበር፤ ክፍል ነበረኝ። «እሺ፣ አየዋለሁ» ብዬ ሸኘኋት። አላየሁትም።

ክረምት ላይ የሚመጣውን ዓመት በዓላት ለማውጣት ባሕረ ሐሳብ ስቆጥር የሴትዮዋ «ሮብ» ድንገት ጆሮዬ ላይ ደወለ። እጄ ላይ ያለውን ትቼ ወደ ኋላ ቆጠርሁ። ከክርስቶስ ልደት በፊት የሚቆጠረው 5500 ሲደመር 1977፣ ዓመተ ዓለሙ 7477 ነው። መጠነ ራብዒቱ፣ ማለት ያው ለ4 ሲካፈል፣ 1869። ሁለቱ 9346፤ ለ7 ሲካፈል 1 ይተርፋል። በባሕረ ሐሳብ 1 ማክሰኞ ነው። መስከረም 1 ማክሰኞ ከዋለ ኅዳር 12 ሮብ ይውላል። በ1976 የኅዳር ሚካኤል ማክሰኞ ነበር፣ በ1978 ሐሙስ። ሮብ የዋለው በ1977 ብቻ ነው። ፊደል ያልቆጠረች ሴት በአንዲት ጣሳ ወተት የልጇን ቀን፣ ወርና ዓመት ይዛልኝ መጥታ ነበር። እኔ ዲግሪ ይዤ መቁጠር አቃተኝ።

በዚያው ዕለት፣ ኅዳር 12 ቀን 1977፣ ቤተ እስራኤላውያንን ከሱዳን ወደ እስራኤል በአውሮፕላን የማጓጓዙ ዘመቻ ሙሴ ተጀመረ። የቤት ሥራው የሚፈልገው «የታሪክ ድርጊት» እሱው ነበር። ግን ለእኔ አሁን ትልቁ ድርጊት የባቲዋ አሮጊት ናት።

መስከረም ላይ ልጁ ለምዝገባ አልመጣም። ሰኞ ገበያ ሄጄ ጠየቅሁ፤ ወደ ጅቡቲ መንገድ ሄዷል ያለኝም አለ፣ ወደ አዲስ አበባ ያለኝም አለ።

ሁልጊዜ ቀን መሸምደድ ታሪክ አይደለም ስላችሁ ኖሬአለሁ፤ አሁንም እላለሁ። ግን ሰው ቀን ሲያሳስት ደሜ ይፈላል። «ሚያዝያ 27 ከካርል ማርክስ ጋር ተወለድኩ» ያለኝን ጎረምሳ አላሳለፍሁትም፤ ማርክስ የተወለደው ሜይ 5 ቀን 1818 በእኛ ሚያዝያ 28 ቀን 1810 ነው። ሚያዝያ 27 የራሷ ይበቃታል፤ በ1928 ጣሊያን አዲስ አበባ የገባባት፣ በ1933 ንጉሠ ነገሥቱ ተመልሰው የገቡባት ቀን ናት። ከተማዋ ከጠላት የተለቀቀችው ግን አንድ ወር ያህል ቀድሞ፣ መጋቢት 28 ነው።

ከሌላ ጋር በአንድ ቀን መወለድ ለእኛ ወሎዬዎች አዲስ ነገር አይደለም። ላስታ ላይ ንጉሥ ላሊበላ ታኅሣሥ 29 ተወለደ ስለሚባል ገና የሁለት ልደት በዓል ነው። መውሊድ ደግሞ በየዓመቱ 11 ቀን ያህል እየቀደመ ይዞራል፤ በ2016 መስከረም 16 ላይ ከደመራ ጋር ገጠመ። የእኛ ሰፈር ያን ቀን አንዱ ቤት መንዙማ፣ ሌላው ቤት ችቦ ነበር፤ ቡናው ግን አንድ ነበር። ሁለቱ እንደገና እስኪገጥሙ ሠላሳ ምናምን ዓመት ነው፣ እኔ አልደርስበትም።

እናንተ ልደት ስታከብሩ አያለሁ፤ ኬክ፣ ፊኛ፣ ፎቶ። አልቃወምም። ግን ከሻማው በፊት እናታችሁን የጠየቃችሁ ስንቶቻችሁ ናችሁ? ዝናብ ነበር? ገበያ ነበር? ማን አዋለዳት? የስልኩ ዝርዝር ውስጥ ያሉት ስማቸው የተጻፈላቸው ናቸው። የእናንተ ገና በእናቶቻችሁ አፍ ላይ ነው፣ እናት ደግሞ አትጠብቅም። የኔዋ የነገረችኝ «ጤፉ ሲታጨድ» ብቻ ነው፤ ቀኑን ሳልጠይቃት አለፈች።

የ1993ቱ የውጤት መዝገብ አሁንም አለኝ። ከልጁ ስም ትይዩ ያለውን ዜሮ አልሰረዝሁትም። ወፍራሙ ደብተር ላይ ግን፣ የኅዳር 12 ገጽ መጀመሪያ፣ እንዲህ የሚል መስመር ጨምሬአለሁ፦ «1977 ዓ.ም.፣ ሮብ፣ ባቲ መጠለያ፣ ስንዴው የመጣ ለት፣ ወንድ ልጅ ተወለደ።»