በደከመ እግር ለምትወዳደሩ ወጣት ብስክሌተኞች

እሁድ ገና ጎህ ሳይቀድ ብስክሌታችሁን ይዛችሁ እንጦጦን አልፋችሁ ወደ ሱሉልታ የምትወጡ ልጆቼ፣ ይህን የምጽፈው ለእናንተ ነው። ሳምንቱን ሙሉ ሱቅ፣ ቢሮ ወይም የግንባታ ቦታ ትውላላችሁ፤ አንዳንዶቻችሁ ማታ ትማራላችሁ፤ ልምምዱን የምትሠሩት ከዚህ ሁሉ በተረፈችው ሰዓት ነው። ስለዚህ መነሻው ላይ ስትቆሙ እግራችሁ ያረፈበት ቀን ብዙ አይደለም። የኔም እንደዚያው ነበር። ዕድሜዬን ያሳለፍኩት በፊዚዮቴራፒ ሙያ ነው፤ በትርፍ ጊዜዬ ደግሞ በአማተርነት ስወዳደር ኖሬያለሁ። የደከመ እግርን የሕሙማኔን ጡንቻ ስዳስስም፣ ራሴ ዳገት ስወጣም አውቀዋለሁ።

በደከመ እግር መወዳደር ይቻላል። ነገር ግን ያለችውን ጉልበት የት ላይ እንደምታወጧት ከመነሳታችሁ በፊት መወሰን አለባችሁ። ያረፈ እግር ያለው ሰው በየዳገቱ ቢሞክር ይችላል፤ እናንተ አንዴ ብቻ ነው የምትሞክሩት።

ድካም ሲባል ደግሞ አንድ ዓይነት አይደለም። አንዱ የስንቅ ማለቅ ነው። ጡንቻና ጉበት ግላይኮጅን የሚባል ስንቅ ያከማቻሉ፤ በጠንካራ ግልቢያ ከአንድ ሰዓት ተኩል እስከ ሁለት ሰዓት ቢያደርስ ነው። አንዴ ከተሟጠጠ በኋላ፣ በደንብ እየተበላም ቢሆን፣ መልሶ ለመሙላት 24 ሰዓት ገደማ ይፈልጋል። ቅዳሜ ከሰዓት ረጅም ዳገት ወጥቶ፣ ማታ ቀማምሶ የተኛ ልጅ እሁድ የሚነሳው በጎደለ ስንቅ ነው። ሌላው የጡንቻ ክሮች መጎዳት ነው፤ ደረጃ ስትወርዱ ጭናችሁን የሚያማችሁ እሱ ነው። ይህ በአንድ ሌሊት አይሽርም፣ ቀናት ይፈልጋል። የእንቅልፍ እጦትም አለ፤ እግር ላይ የሚሰማ ቢመስልም ሥራው ከአእምሮ ላይ ነው። ትናንት ቀላል የነበረው ፍጥነት ዛሬ ከባድ ሆኖ ይሰማችኋል፣ ፍርዳችሁም ይዘገያል።

የውድድሩ ሳምንት ላይ አደራ የምላችሁ አለኝ። ሐሙስ የሠራችሁት ከባድ ልምምድ ለእሁድ አይደርስላችሁም። ሰውነት ልምምዱን ወደ አቅም የሚለውጠው ከቀናት በላይ ወስዶ ነው፤ ድካሙ ግን ወዲያው ይመጣል። ስለዚህ በዚያ ሳምንት የምትጋልቡትን በግማሽ ቀንሱ። ጥቂት አጫጭር ፈጣን ሙከራዎችን ግን አታቋርጡ፣ እግር ፍጥነቱን እንዳይረሳ። ያመለጣችሁን ልምምድ በመጨረሻዎቹ ቀናት ለማካካስ መሯሯጥ ብዙ ጎበዝ ልጆችን መነሻው ላይ አድክሞ ሲያቆም አይቻለሁ፤ በጣም ያሳዝነኛል።

በዐቢይ ጾም የምትጾሙ ብዙ ናችሁ፤ ጹሙ። የጾም ምግብ ለብስክሌተኛ የሚያንስ አይደለም፤ እንጀራ፣ ሽሮ፣ ምስር፣ ድንች፣ በሶ ሁሉም ስንቅ ይሞላሉ። የሚያስቸግረው ሰዓቱ ነው። ዓርብ እስከ 9 ሰዓት ሳይቀምስ የሚቆይ ሰው ያን ዕለት ጠዋት ከባድ ልምምድ መሥራት የለበትም። ወደ ማታ፣ ምግብ ከተበላ በኋላ አዙሩት፤ ረመዳን የምትጾሙም ከኢፍጣር በኋላ አድርጉት። በሶውን ለዋዜማውና ከውድድር በኋላ ላለው ሰዓት አቆዩት፤ እየጋለባችሁ ስትጠጡት ሆድ ላይ ይከብዳል። በውድድሩ ውስጥ ሙዝና ማር ይሻላል። ሁለት መካከለኛ ሙዝና አንድ የሾርባ ማንኪያ ማር ወደ 60 ግራም ወይም ከዚያ በላይ ካርቦሃይድሬት ይሰጣል፤ ለአንድ ሰዓት ጠንካራ ግልቢያ ይበቃል። ርሃብ እስኪሰማችሁ አትጠብቁ፣ ያኔ ዘግይቷል።

ጠዋት ከአልጋ ሳትወርዱ የልብ ምታችሁን ቁጠሩ። በደቂቃ ከለመዳችሁት በ7 ወይም በ10 ከፍ ብሎ ካገኛችሁት፣ እንቅልፋችሁም የተቆራረጠ ከሆነ፣ ቀኑ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ከዚያ ወጥታችሁ 20 ደቂቃ በእርጋታ ጋልቡና ሁለት ሦስቴ ለአጭር ጊዜ ፈጠን በሉ። እግር እየተፍታታ ከመጣ ተወዳደሩ። ትኩሳት ካለ፣ ወይም ደረት ድረስ የወረደ ጉንፋን ካለ ግን ብስክሌቱን መልሳችሁ አቁሙ፤ በዚያ ሁኔታ መጋለብ ልብን ሊጎዳ ይችላል። በአንድ በኩል ብቻ ጉልበት ላይ የሚወጋና አረጋገጣችሁን የሚያስቀይር ሕመምም እንዲሁ ነው። እሱን ድካም ነው ብላችሁ አትለፉት።

አንድ ውድድር ላጫውታችሁ። በሱሉልታና በጫንጮ መካከል ባለው ሜዳ፣ ሳምንቱን ሙሉ ቆሜ ሕሙማን ሳክም ከርሜ የገባሁበት ነው። ቦታው ከ2,500 ሜትር በላይ ነው፤ በእያንዳንዱ ትንፋሽ የሚገባው ኦክስጅን ባሕር ጠለል ላይ ካለው በአንድ አራተኛ ገደማ ያንሳል። ገና ስንነሳ ጭኖቼ እንጨት ሆነው ነበር። ሆኖም በመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት በእግሬ ላይ ምንም አልፈረድኩም፤ ደም እስኪዘዋወርና ጡንቻ እስኪሞቅ የሚሰማው ክብደት እውነተኛውን አቅም አይናገርም። ሁለት ልጆች ከመጀመሪያዋ ዳገት ጀምረው አፈተለኩ። ተከትሏቸው የሚል እልህ መጣብኝ፤ እልህ ግን ምላጭ ያስውጣል። ከቡድኑ መሐል ገብቼ ተቀመጥኩ።

እዚያ መሐል የሚገኘውን ትርፍ ዕወቁት። በሜዳ ላይ ከሌላ ጋላቢ ጀርባ ያለ ሰው ነፋሱን ብቻውን ከሚገፋው ይልቅ ከ25 እስከ 40 በመቶ ያነሰ ጉልበት ያወጣል። ነገር ግን ይህ የሚገኘው ከተጠጉ ብቻ ነው። ከፊቴ የነበሩት በዕድሜ የሚበልጡኝ ጋሼ ዞር ሳይሉ «ጎማዬን ያዝ፣ እንዳትለቅ!» አሉኝ። በሳቸው የኋላ ጎማና በኔ የፊት ጎማ መካከል ያለው ክፍተት አንድ ክንድ አይሞላም። ሜትር ሲሆን ነፋሱ ደረቴ ላይ ይሰማኛል፤ ሁለት ሜትር ሲሆን መልሶ ለመዝጋት ከኮርቻዬ መነሳት ሊኖርብኝ ነው። የደከመ እግር የሚያልቀው እንዲህ ባሉ ጥቃቅን መነሳቶች ነው፤ ስለዚህ ዓይኔ ከጎማቸው አልተነቀለም። ነፋሱ ከቀኝ ሲመጣ መጠለያው በግራ በኩል ትንሽ ፈቀቅ ብሎ ነው። መንገዱ ግን ለመኪና አልተዘጋም፤ የመሐሉን መስመር አልፎ መጠለል የለም። ከሲኖትራክ ጋር ፊት ለፊት ከመገናኘት ከቡድን መቅረት ይሻላል።

ማርሽም አቀለልኩ። በደቂቃ ከ85 እስከ 95 ጊዜ እየተሽከረከረ የሚረገጥ ቀላል ማርሽ ሸክሙን ከጭን ወደ ልብና ሳንባ ያሸጋግራል። በዚያ ከፍታ ሳንባም ስለሚቸገር ትንፋሼ አጭር አረፍተ ነገር ለማስነገር እስኪበቃ ድረስ ብቻ ነው ያቀለልኩት። አንዷን ዳገት ከዋዜማው መርጫት ነበር፤ ያቺ ስትደርስ ያለኝን ሁሉ አወጣሁ። አፈትልከው የነበሩት ልጆች ከዚያ ቀድመው ተይዘዋል። ቡድኑ ሲሰነጠቅ ከሁለተኛው ክፍል ጋር ገባሁ። ማሸነፍ አልነበረም፤ የዚያ ቀን እግር ግን ከዚህ የተሻለ ነገር አልነበረውም፤ እስከ ዛሬ ደስ ይለኛል።

ባለሙያዎቹም የሚኖሩት ከድካም ጋር ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 ጽጋቡ ግርማይ በቱር ደ ፍራንስ የተሳተፈ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሲሆን የገባበት ውድድር 21 የዕለት ውድድሮችና ሁለት የዕረፍት ቀናት ያሉት፣ ከ3,000 ኪሎ ሜትር በላይ የሆነ ነው። በዕረፍት ቀናቸው እንኳ አንድ ሁለት ሰዓት በእርጋታ ይጋልባሉ፣ እግር እንዳይደርቅ። እ.ኤ.አ. በ2024 ደግሞ ኤርትራዊው ቢንያም ግርማይ በዚያው ውድድር ሦስት ቀን አሸንፎ፣ በ16ኛው ቀን ወድቆ ቆስሎም፣ የነጥብ መሪ የሚለብሰውን አረንጓዴ ማሊያ እስከ መጨረሻው፣ ኒስ ድረስ አደረሰ። እንደሱ ያሉ ፈጣን ጨራሾች ተራራ ላይ ከኋለኛው ቡድን ጋር ሆነው የሰዓት ገደቡን እያሰሉ ይወጣሉ፤ ጉልበታቸውን የሚያወጡት ነጥብ ባለበት ሜዳ ነው። ማንም ሰነፍ አይላቸውም።

ከእንጦጦ ወደ ከተማ ስትወርዱ ደግሞ የደከመው እግር ብቻ እንዳልሆነ አስታውሱ። እጅ ፍሬን ላይ ይዘገያል፣ ዓይን ጉድጓዱንና መንገድ የምታቋርጠውን አህያ ዘግይቶ ያያል። ውድድሩ አልቋል፤ ቁልቁለቱ ላይ እንደገና አትወዳደሩ። በቁልቁለት ወድቆ ከአንገቱ ሥር ወደ ትከሻው የሚሄደው አጥንት የተሰበረ ብዙ ልጅ በእጄ አልፏል፤ አብዛኞቹ ወደ ቤት እየተመለሱ የነበሩ ናቸው።

ሰኞ ከ30 እስከ 45 ደቂቃ በቀላል ማርሽ ጋልቡ ወይም በእግር ሂዱ። እሮብም እግር ከከበደ የሐሙሱን ከባድ ልምምድ ተዉት። ከሁለት ሳምንት ያለፈ የጉልበት ሕመም ካለ ባለሙያ ዘንድ ሂዱ፣ ስትሄዱም ብስክሌቱን ይዛችሁ ሂዱ። ኮርቻ ከልክ በላይ ዝቅ ሲል የጉልበት ፊት፣ ከፍ ሲል የጉልበት ጀርባ ያማል፤ አልጋ ላይ ተኝታችሁ ምንም የማይታየው ሕመም ኮርቻው ላይ ስትቀመጡ ምክንያቱ ይገኛል።